የአውሮፕላን ሞተር ብሎክ፤ አንድ ወጥ ይሁን ወይስ ሁለት ክፍል?

አንድ መሣሪያ ጥቂት ዘመን ካገለገለ በኋላ ጉድለቱ ይታወቃል፤ ጉድለቱም ከታወቀ በኋላ ማሻሻያው ይታሰባል። ማሻሻያው ታስቦ በወረቀት ላይ ከተነደፈ ዘንድ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የተሻለውን በማወቅና የተሻለውን በሥራ ላይ በማዋል መካከል ረጅም መንገድ አለ። መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ፥ በመንገዱም ላይ እንዴት ያለ ክርክር እንደሚነሣ፥ አንዳንድ ጊዜም ውሳኔው የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት የአውሮፕላን ሞተር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዛሬው ንግግራችን ከዚሁ ታሪክ አንዱን ክፍል፥ ይኸውም መሐንዲሶች ስለ ሲሊንደር ብሎክ አሠራር ያደረጉትን ክርክር እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሞተርን ነገር ከሥሩ እንመልከት። በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ኀይል የሚወለድበት ስፍራ ሲሊንደር ይባላል። ሲሊንደር ማለት ውስጡ ልሙጥ ሆኖ የተቦረቦረ፥ እንደ ቧንቧ ያለ ክብ ዕቃ ነው። በውስጡም ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በቫልቭ በኩል ይገባሉ፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያምቃቸዋል፤ ካንዴላው የእሳት ፍንጣሪ ይሰጣል፤ የታመቀውም ድብልቅ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን በኀይል ወደ ታች ይገፋዋል። ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን ክፍል የመኪና ጠጋኞች ቴስታታ ይሉታል፤ ቫልቮቹና ካንዴላዎቹ በእርሱ ላይ ይተከላሉ። ፒስተኑ የሚንሸራተትበትን የብረት እጅጌ ደግሞ ካሚቻ ይሉታል። ብዙ ሲሊንደሮች ባንድነት የሚቀመጡበት፥ በዙሪያቸውም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ትልቁ ዕቃ ብሎክ ነው። ብሎኩም የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ ከተቀመጠበት ከታችኛው ቤት ላይ በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል።

ይህ ዕቃ የሚሸከመውን መከራ አንባቢ በቁጥር ቢያስበው መልካም ነው። በኋላ የምንናገርለት የእንግሊዝ ሞተር 12 ሲሊንደሮች አሉት፤ ዘንጉም በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ዘንጉ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሚቀጣጠል፥ በአንድ ሴኮንድ 25 ጊዜ ይፈነዳል ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ባንድነት ሲቆጠሩ በሴኮንድ 300 ፍንዳታ ይሆናል። የነበልባሉ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ቴስታታው የተሠራበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እንግዲህ ሞተሩ ሳይቀልጥ የሚሠራው ፈሳሹ ሙቀቱን ያለማቋረጥ ተቀብሎ ወደ ራዲያቶሩ ስለሚወስደው ብቻ ነው።

ስለዚህ ብሎክ የሚነድፍ መሐንዲስ ሦስት ነገሮችን ባንድነት መፈጸም ይጠበቅበታል። አንደኛ፥ ሙቀቱ ከእሳቱ ወደ ፈሳሹ ያለ እንቅፋት እንዲተላለፍ ማድረግ አለበት። ሁለተኛ፥ የታመቀው ጋዝ ወደ ፈሳሹ፥ ፈሳሹም ወደ ሲሊንደሩ እንዳያልፍ መጋጠሚያውን ሁሉ ማጥበቅ አለበት። ሦስተኛ፥ ይህን ሁሉ በትንሽ ክብደት መሥራት አለበት፤ ለአውሮፕላን የሚሆን ዕቃ ሁሉ በሚዛን ይፈረድበታልና። ክርክሩም የተነሣው አንዱን ሲያሻሽሉ ሌላው እየተበላሸ ስላስቸገረ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ብዙ ስም የነበረው አሠራር ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ለየብቻ መሥራት ነበር። የጀርመኑ የመርሴዴስ ፋብሪካ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከብረት ሠርቶ፥ በዙሪያው ስስ ላሜራ በብየዳ ያለብሰውና በላሜራውና በሲሊንደሩ መካከል ውሃ ያዘዋውር ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮይስም በ1915 የወጣውን ኢግል የተባለውን ሞተር በዚሁ መንገድ ሠራ። አሜሪካኖች በ1917 ወደ ጦርነቱ ሲገቡ ያወጡት ሊበርቲ የተባለው ሞተርም እንደዚሁ ነበር። ሊበርቲን የነደፉት የፓካርድ ፋብሪካ መሐንዲስ ጄሲ ቪንሰንትና ባልደረባው ኤልበርት ሆል ነበሩ። የቪንሰንትን ስም አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በታሪካችን መጨረሻ ገደማ እንደገና ይመጣልና።

ሲሊንደሮችን ለየብቻ መሥራት ጥቅም ነበረው። አንዱ ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ነቅሎ መለወጥ ይቻላል። ጉዳቱ ግን እንደዚሁ ግልጽ ነበር። ብየዳው በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ የሞተሩ ንዝረት ስሱን ላሜራ ይሰነጥቀዋል፤ ሲሊንደሮቹም እርስ በርሳቸው ስላልተሳሰሩ ሞተሩ ይረዝማል፥ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ብቻቸውን የቆሙ ስድስት ምሰሶዎች በአንድ ግድግዳ ውስጥ እንደ ተገነቡ ስድስት ምሰሶዎች ሊጸኑ አይችሉም።

ይህን የተገነዘበው ማርክ ቢርኪግት የተባለ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ቢርኪግት በእስጳንያ አገር በባርሴሎና ከተማ በሂስፓኖ ስዊዛ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1915 ባወጣው ሞተር አራት አራቱን ሲሊንደሮች አንድ ወጥ በሆነ የአሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ አስቀመጣቸው። ብሎኩ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ በኋላ፥ የብረቱ ካሚቻ በዙሪያው እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለት በብሎኩ ውስጥ እየተሽከረከረ ይገባ ነበር። ሞተሩ ቀላል፥ አጭርና ጠንካራ ሆነ፤ ስፓድ የተባሉት የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖች ዝናቸውን ያገኙት በዚሁ ሞተር ነው። ተቀናቃኞቹም ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወጥ ብሎክ አዞሩ።

ነገር ግን አዲሱ አሠራር አዲስ ችግር ይዞ መጣ። የቢርኪግት ካሚቻ ከላይ ድፍን ነበር፤ ቫልቮቹም የሚያርፉት በዚሁ በብረቱ ድፍን ላይ ነው። እንግዲህ የቫልቩ ሙቀት በመጀመሪያ ወደ ብረቱ፥ ከብረቱ ወደ አሉሚኒየሙ፥ ከአሉሚኒየሙም ወደ ውሃው መሻገር ነበረበት። ብረቱና አሉሚኒየሙ በሚነካኩበት ስፍራ የፀጉር ያህል ክፍተት ከተገኘ ሙቀቱ እዚያው ይታገዳል። በዚህም ምክንያት የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣባቸው ቫልቮች ያለ ጊዜያቸው ይቃጠሉ ነበር።

ለዚህ መልስ የሰጡት የአሜሪካው የከርቲስ ፋብሪካ መሐንዲሶች ናቸው። ዲ-12 በተባለው ሞተራቸው ላይ ብሎኩን እንዳለ ትተው፥ ውሃው ራሱ የካሚቻውን ጀርባ እንዲነካ አደረጉ። በ1923 በእንግሊዝ አገር በካውስ በተደረገው የሽናይደር ዋንጫ ውድድር፥ ይህ ሞተር ያለበት የአሜሪካ ባሕር ኀይል አውሮፕላን በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ አሸነፈ። እንግሊዛዊው የአውሮፕላን ሠሪ ሪቻርድ ፌሪም ሞተሩን ገዝቶ ፎክስ የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራበት። የባዕድ ሞተር ያለው ቦምብ ጣይ ከአገሩ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲፈጥን የታየው የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር፥ የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ የዚህን አሠራር መልስ እንዲያገኝ ገፋፋ። ከዚህም የተነሣ ኬስትረል የተባለው ሞተር ተወለደ። በኬስትረል ላይ ብሎኩና ቴስታታው ባንድ ላይ የፈሰሱ አንድ አካል ነበሩ፤ ካሚቻዎቹም ከታች በኩል ይገቡ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስን። ሮልስ ሮይስ ከኬስትረል የሚበልጥ፥ 27 ሊትር የሚይዝ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ለመሥራት በራሱ ገንዘብ ተነሣ። ሄንሪ ሮይስ በሚያዝያ ወር 1933 ሞቶ ነበርና ሥራውን የቀጠሉት ተከታዮቹ ናቸው። ሞተሩ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ በኋላም መርሊን ተባለ።

መሐንዲሶቹ በመርሊን ላይ ሦስት ልዩ ልዩ አሠራር ሞከሩ። በመጀመሪያ ብሎኩንና የዘንጉን ቤት አንድ ላይ አፈሰሱ፤ ይህ አላዋጣም። ቀጥሎም ብሎኩን ከዘንጉ ቤት ለዩ፤ ቴስታታውንም ከብሎኩ ለይተው፥ እሳቱ በፍጥነት እንዲቀጣጠል በማሰብ ጣሪያውን ዘመም አድርገው ሠሩት። ይህም ሲፈተን ድብልቁ እንደ ታሰበው አልተቃጠለም፤ ቴስታታውም መሰንጠቅ አመጣ። በዚህ ጊዜ ሃሪኬንና ስፒትፋየር የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች በ1935 እና በ1936 የመጀመሪያ በረራቸውን አድርገው የሚተማመኑበትን ሞተር ይጠብቁ ነበር። በጀርመን አገርም የጦር መሣሪያ ዝግጅት እየተፋጠነ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደሚያውቁት ተመለሱ፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነውን፥ ቴስታታውና ብሎኩ አንድ ወጥ የሆኑበትን የኬስትረልን አሠራር በመርሊን ላይ አዋሉት። በዚህ መንገድ የተሠራው ሁለተኛው መርሊን 1,030 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሃሪኬንና ስፒትፋየር ለውጊያ የበቁት በእርሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆመን እናስተውል። መሐንዲሶቹ የተለየ ቴስታታ ሞክረው የተዉት መለያየቱ ክፉ ሆኖ ስለ ተገኘ ሳይሆን፥ አብሮት የመጣው የጣሪያ ቅርጽ ስላልተሳካ ነው። ሁለት ለውጦች ባንድ ጊዜ ገብተው አንዱ ሲወድቅ ሌላውም አብሮት ወደቀ። በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ይሆናል፤ ጥሩው ሐሳብ ከመጥፎው ጋር ታስሮ ይጣላል።

የአንድ ወጡ ብሎክ ጉድለት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተገለጠ። የካሚቻው ላይኛው ጫፍ በብሎኩ ውስጥ በጥልቅ ስፍራ ከቴስታታው ሥር ይገጥማል። ያ አንድ መጋጠሚያ ጋዙንም ፈሳሹንም ባንድነት እንዲያግድ ተፈርዶበታል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው መጠን ይሰበሰባል። ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይንቀሳቀሱ መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ይላላል። በመርሊን ውስጥ በመጀመሪያ ጊዜ ይዘዋወር የነበረው ፈሳሽ ግሊኮል ሲሆን፥ ግሊኮል ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ሾልኮ የሚወጣ ነው። የላላውን መጋጠሚያ ለማየት እንኳ ብሎኩን በሙሉ ነቅሎ ማንሣት ግድ ይሆናል።

የዚህ ብልሽት ዋጋ ምን እንደሆነ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ፈሳሹ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ፥ ወይም ጋዙ ወደ ፈሳሹ መንገድ ከገባና ፈሳሹን ገፍቶ ካስወጣው፥ ከአውሮፕላኑ ኋላ ነጭ ጭስ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስፒትፋየር ያለው ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ በሥሩ ያለውም ብዙ ጊዜ ባሕር ነው።

ችግሩን ያባባሰው ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ነው። በ1940 የጸደይ ወራት ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ለተዋጊ አውሮፕላኖች ታደለ። በዚህ ቤንዚን ወደ ሲሊንደር የሚታመቀው አየር ግፊት ከ6 ፓውንድ ከሩብ ወደ 12 ፓውንድ እንዲወጣ ተፈቀደ፤ ሞተሩም በጭንቅ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ 1,300 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ጀመር። ለ1,000 የፈረስ ጉልበት የበቃው መጋጠሚያ ለዚህ ይበቃል ወይ? ከዚያ በላይ ለሚመጣውስ? ጥያቄው ይህ ነበር።

መልሱ በወረቀት ላይ አልጠፋም። ቴስታታው እንደገና ከብሎኩ ይለይ፤ ካሚቻው ወደ ላይኛው ጫፉ አጠገብ እንደ ከንፈር ያለ ጠርዝ ይውጣለት፤ ጠርዙም በብሎኩ አናትና በቴስታታው መካከል ተቆንጥጦ ይያዝ የሚል ነበር። በዚህ አሠራር ጋዙን የሚያግደው ቀለበት ሌላ፥ ፈሳሹን የሚያግደው ሌላ ይሆናል። የካሚቻው የታችኛው ጫፍ ደግሞ በጎማ ቀለበት ታሽጎ፥ ሲሞቅ እንደ ልቡ እንዲለጠጥ ይተዋል። አንድ መጋጠሚያ ሁለት ሥራ ከሚሠራ፥ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ መጋጠሚያ ይሰጠው ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ከታወቀ በኋላ ለምን ወዲያው አልተሠራም? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሆኖም ለውጡን ለማዘግየት የሚሰጠው ምክንያት የስንፍና ምክንያት አልነበረም።

አንድ ወጥ ብሎክ የሚደግፍ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። መጋጠሚያ ሁሉ የመፍሰሻ በር ነው፤ መጋጠሚያ ስንጨምር ጠላት እንጨምራለን። አንድ ወጥ ነገር ይጸናል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት ስለ ተፈለፈሉ የሚናድ ካብ የላቸውም። ከዚህም ሌላ በዳርቢ፥ በክሩና በግላስጎ ያሉት ፋብሪካዎች መሣሪያቸውን ሁሉ ለአንድ ወጡ ብሎክ አዘጋጅተዋል። ብሎኩ ሲለወጥ የማፍሰሻው ቅርጽ፥ የመቁረጫው መሣሪያ፥ መለኪያው፥ መለዋወጫው፥ የጠጋኙም መመሪያ ሁሉ ይለወጣል። ለውጡ እስኪፈጸም ከፋብሪካው የሚወጣው ሞተር ቁጥር ይቀንሳል። ጠላት በየቀኑ ሲመጣ፥ ጥቂት ጉድለት ያለበት ሞተር ያለው አውሮፕላን ይነሣል፤ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ግን ከመሬት አይነሣም።

ሁለት ክፍል ይሁን የሚለውም እንዲህ ይመልሳል። አንድ ወጥ አለት የሚፈለፍል ሰው መዶሻው አንድ ጊዜ ከሳተ የሚመልስበት መንገድ የለውም። በአንድ ወጥ ብሎክም በማፍሰሻው ጊዜ በአንድ ማዕዘን የተደበቀ ቀዳዳ ከተገኘ ጠቅላላው ዕቃ ይጣላል። ለሁለት የተከፈለ ግን የተበላሸው ክፍል ብቻ ይተካል። መጋጠሚያ ጠላት የሚሆነው ከእጅና ከዓይን ሲርቅ ነው፤ ሊታይና ሊጠብቅ የሚችል መጋጠሚያ ግን አገልጋይ ነው። ከሁሉም በላይ የሞተሩ ኀይል ገና ይጨምራል፤ ዛሬ ያዘገየነውን ነገ በብዙ እጥፍ እንከፍለዋለን።

ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛው እውነተኛ ነበር? ሁለቱም እውነተኞች ነበሩ፤ ልዩነታቸው ስለ ጊዜው ነበር። በ1940 ክረምት፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፥ በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ታላቁ የአየር ጦርነት ሲደረግ ፋብሪካዎቹን ማቆም የሚታሰብ አልነበረም። የአብራሪዎቹ ሕይወት በሁለቱም ወገን በሚዛን ላይ ነበረ። በአንድ ወገን መጋጠሚያው ስለ ላላ የሚሞት አለ፤ በሌላው ወገን አውሮፕላን ስለ ጠፋ ሳይከላከሉለት የሚሞት አለ። የተመረጠው የሚታወቀውን አሠራር በብዛት ማምረት፥ ጉድለቱንም በየጊዜው እየጠገኑ መቀጠል ሆነ።

የለውጡ በር የተከፈተው ባልተጠበቀ ስፍራ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት መርሊን በአሜሪካም እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ለውጭ መንግሥት የጦር ሞተር አልሠራም ብሎ እንቢ ካለ በኋላ፥ በመስከረም ወር 1940 ከፓካርድ ፋብሪካ ጋር ውል ተፈረመ። ውሉ ስለ 9,000 ሞተሮች ሲሆን 6,000ው ለእንግሊዝ፥ 3,000ው ለአሜሪካ ነበር። በፓካርድም የመሐንዲሶች አለቃ ሆኖ ይህን ሥራ የተቀበለው ያ በ1917 የሊበርቲን ሞተር በተለያዩ ሲሊንደሮች የነደፈው ጄሲ ቪንሰንት ነበር።

ፓካርድ መሣሪያውን ሁሉ እንደ አዲስ መግዛትና ማዘጋጀት ነበረበት፤ የሚያቆመው አሮጌ ሥራ፥ የሚጥለውም አሮጌ መሣሪያ አልነበረውም። ከባዶ የሚጀምር ሰው አሮጌውን አሠራር የሚከተልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ በአሜሪካ የተሠራው መርሊን ቴስታታው የተለየ፥ ሁለት ክፍል የሆነ ብሎክ ይዞ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች የተፈተኑት በነሐሴ ወር 1941 ነው። እዚህ ላይ መታወቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። የፓካርድ ሰዎች ሥዕሎቹን ሁሉ በአሜሪካ ፋብሪካ አሠራር እንደገና ሲሥሉ፥ የብሎኑን ጥርስ ልክ ግን እንደ እንግሊዙ ተዉት። በአሜሪካ ያልተለመደውን ይህን ጥርስ ለማውጣት ልዩ መሣሪያ ማዘጋጀት አስፈልጓቸዋል። ይህን ያደረጉት በእንግሊዝ አገር ያለው ጠጋኝ በያዘው መፍቻ ሊፈታው እንዲችል ነው። ከብዙ ለውጥ መካከል የማይለወጠውን ለይቶ ማወቅም ትልቅ ጥበብ ነው።

ሮልስ ሮይስም በአገሩ ለውጡን ያስገባው በየፋብሪካው ያለውን ሥራ ባንድ ቀን አቁሞ አይደለም። በ1941 መጨረሻ ገደማ ፎክ ቮልፍ 190 የተባለው የጀርመን ተዋጊ ታይቶ የቀድሞውን ስፒትፋየር ሲበልጥ፥ አየርን ሁለት ጊዜ የሚያምቅ መሣሪያ ያለው መርሊን 61 የተባለ አዲስ ሞተር አስፈለገ። አዲስ ሞተር በሚወጣበት ጊዜ አዲሱ ብሎክም አብሮት ገባ። ይህን ሞተር የያዘው ዘጠነኛው የስፒትፋየር ዓይነት በሐምሌ ወር 1942 ለውጊያ ተሰለፈ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በሁለተኛው መርሊን 1,030 የነበረው የፈረስ ጉልበት በጦርነቱ መጨረሻ በወጡት ዓይነቶች ከ2,000 በላይ ሆነ። የሲሊንደሮቹ ስፋት ግን ያው 27 ሊትር ነበር፤ አንድ ሊትርም አልተጨመረበትም። ይህ ሁሉ ከብሎኩ ብቻ የተገኘ ነው አንልም። የተሻለው ቤንዚን፥ የተሻለው የአየር ማመቂያና የተሻለው ማቀዝቀዣ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የጨመሩትን ግፊት የሚሸከም ብሎክ ባይገኝ ኖሮ ትርፋቸው በመጋጠሚያው በኩል ፈስሶ በቀረ ነበር። በጠቅላላው 150,000 ያህል መርሊኖች ተሠርተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ55,000 በላይ የሚሆኑት የፓካርድ ሥራዎች ናቸው።

ሌሎች አገሮች ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥተዋል። የአሜሪካው የአሊሰን ፋብሪካ ካሚቻውን በሞቀው ቴስታታ ውስጥ አስገብቶ ሲቀዘቅዝ እንዲጨብጠው አደረገ። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ደግሞ ውሃውን ጨርሶ ትቶ፥ ሲሊንደሮቹን ለየብቻ በዘንጉ ቤት ዙሪያ እንደ ኮከብ አሰልፎ በነፋስ አቀዘቀዛቸው። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፥ የዳግላስ አውሮፕላኑ ሁለት ሞተሮች ባለ 14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሥራዎች ነበሩ። ለመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ሲሊንደር ሲበላሽ ያንኑ ነቅሎ በሌላ መተካት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ስለዚህ የተናቀ የመሰለው የተለያየ ሲሊንደር በሌላ መልኩ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬም በትንንሾቹ የፒስተን አውሮፕላኖች ላይ ያገለግላል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ግን ወደ ጄት ስለ ተዛወሩ ሲሊንደርም ብሎክም አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በየመሥሪያ ቤቱ የተሻለ አሠራር የሚያስብ ሠራተኛ አይጠፋም። ሐሳቡ ዛሬውኑ ካልተፈጸመ አለቃውን በግትርነት ይከሳል። አለቃውም በበኩሉ የዕለቱ ሥራ እንዳይቋረጥበት ሲል ሐሳቡን ከመሳቢያ ያኖረዋል፤ ከመሳቢያው ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይወጣም። የመርሊን መሐንዲሶች ከሁለቱም ተለይተው ሌላ መንገድ አሳይተውናል። አሮጌው እየሠራ ሳለ አዲሱን ነድፈው አዘጋጅተው ጠበቁ፤ አዲስ ፋብሪካ ሲከፈት ወይም አዲስ ሞተር ሲወጣ ጊዜው መጣ ብለው አስገቡት።

ማዘግየት የሚነቀፈው ዝግጅት የሌለበት ሲሆን ነው። አንድ ጉድለት ከታወቀ በኋላ ማሻሻያው ተነድፎ፥ ወጪው ተሰልቶ፥ የሚገባበትም አጋጣሚ ተለይቶ ከተቀመጠ፥ መጠበቁ ማስተዋል ይባላል። ምንም ሳይዘጋጁ ጊዜው ገና ነው ማለት ግን በላላ መጋጠሚያ ላይ መብረር ነው፤ ነጩ ጭስ ከታየ በኋላ ብሎክ መንደፍ አይቻልምና።